በሱሉልታ ጨፌ ያየሁት ቢጫ አበባ አደይ ነው ወይስ መጭ?

ጥያቄ፦
በመስከረም መጨረሻ በሱሉልታ በኩል ሳልፍ ጨፌው ዳር እስከ ዳር ቢጫ ለብሶ ስላገኘሁት፣ የአንዱን ተክል ፎቶ አንሥቼ እዚህ አያይዤአለሁ። አብረውኝ የነበሩት ሁሉ አደይ አበባ ነው ሲሉ፣ ከብት የሚጠብቁት ልጆች ግን መጭ ነው አሉኝ። ዘሩን ለቅሜ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ልዘራው ስላሰብኩ፣ ሁለቱን በእርግጠኝነት የምለይበትን መንገድ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
የአበባውን ቅጠል መቁጠር አይጠቅምዎትም፤ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ገደማ አላቸው። ይልቁንም አረንጓዴውን ቅጠል ይመልከቱ። የአደይ ቅጠል ወደ ውስጥ ጠልቆ የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ የመጭ ቅጠል ግን ሳይከፋፈል ረዘም ያለ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ግርጌውም ያለ ዘንግ ግንዱን ያቀፈ ነው። አበባውን ገልብጠው ቢያዩት ደግሞ መጭ ከሥሩ አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ደግፈውት ያገኙታል። በፎቶዎ ላይ ቅጠሉ ምንም ስንጥቅ ስለሌለው እረኞቹ ልክ ናቸው፤ ውሃ የሚይዝ ጨፌም መጭ የሚወደው ቦታ ነው።

መልስ 2፦
ንብ አናቢ ነኝ፤ ንቦቼ ሁለቱንም አጥብቀው ይቀስማሉ፣ ስለዚህ መጭን እንደ ተራ አረም አይናቁብኝ። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዘሩም እንደ ኑግ ጥቁርና አብረቅራቂ ሆኖ ክንፍም ጭራም የለውም። ይሁን እንጂ ከእርሻ አጠገብ እንዳይዘሩት እለምንዎታለሁ፤ ማሳ ውስጥ ከገባ ገበሬውን በአረም ያስቸግራል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ እውነተኛውን አደይ ባገኝ ዘሩን በምን ልወቀው?

መልስ 1፦
አደይ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ቢደንስ በተባለው ወገን ውስጥ ያሉ ተቀራራቢ ዝርያዎች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። በሰፊው የሚታወቀው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ሲሆን፣ በቀድሞ መጻሕፍት ኮሪዮፕሲስ በሚለው ወገን ሥር ተመዝግቦ ያገኙታል። የዚህ ዝርያ ዘር ጠፍጣፋ ነው፤ በግራና ቀኙም ሰፊ ክንፍ አለው። አበባ ላይ ሳለ የተነሣ ፎቶ ዘሩን ስለማያሳይ ዝርያውን በፎቶ ብቻ መወሰን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አሁን ቅጠሉ የተሰነጣጠቀውን ተክል ፈልገው ምልክት ያድርጉበት፤ የአበባው ቅጠል ረግፎ ዘሩ ተክሉ ላይ ሲደርቅ ተመልሰው ጥቂቱን ብቻ ይልቀሙ፣ የቀረው ለመስኩ ይተርፍ።