«ሻል» ትውጣ ወይስ ትቆይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄያችን ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ውል፣ ሕግ ወይም የቴክኒክ ደረጃ ሰነድ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል፤ ግዴታ የሚጻፍባት «ሻል» (shall)። አንዱ ወገን «ግዴታ ከሆነ መስት (must፣ ማለትም የግድ) በሉና ተገላገሉ» ይላል። ሌላው «አትንኩብን» ባይ ነው። በሉ ግቡበት።

ተርጓሚዋ፦ እኔ ትውጣ ባይ ነኝ። ባለፈው አንድ ውል ስተረጉም በአራት መልክ መጣችብኝ። «ሻጩ ዕቃውን ያስረክባል» ላይ ግዴታ ናት። «ገዢው የመመለስ መብት ይኖረዋል» ላይ መብት ሆነች። የቃላት ትርጓሜው ክፍል ውስጥም ተሰክታለች፤ «ዕቃ ማለት እንዲህ ያለው ይሆናል» ትላለች። ከሁሉ የገረመኝ «ውሉ በዚህ ቀን ያበቃል» የሚለው ነው። ውል ምን ግዴታ አለበት? ቀኑ ሲደርስ ያበቃል፣ አለቀ! በየቦታው «አለበት» እያልኩ ብተረጉም መሳቂያ እሆን ነበር።

ኮድ ጻፊው፦ እኛ ሰፈር ይሄ ጣጣ የለም። የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚጻፉበትን ቃል የሚወስን አርኤፍሲ 2119 የሚባል ሰነድ አለ፣ በፈረንጆቹ 1997 የወጣ። «መስት»፣ «ሪኳየርድ» እና «ሻል» አንድ ናቸው ብሎ ዘግቶታል። «ሹድ» ማለት በቂ ምክንያት ካለህ ልትተወው ትችላለህ፣ መዘዙን ግን አስቀድመህ መዝን ነው። «ሜይ» እንደፈለግህ። በ2017 ደግሞ አርኤፍሲ 8174 መጣና ይህ ልዩ ትርጉም የሚሠራው ቃላቱ በትልልቅ ፊደል ሲጻፉ ብቻ ነው አለ። በትንንሹ ለተጻፈው ሰው ሲጨቃጨቅ ነበራ።

ተርጓሚዋ፦ አንድ ከሆኑ ሁለቱም ለምን አስፈለጉ ታዲያ? ራስህ መሰከርክልኝ።

ኮድ ጻፊው፦ ሃሃ፣ እሷን በልተሻል። ግን የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት፣ የአይኤስኦን ደረጃዎች እዪ። እዚያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሰነዱ የራሱ ግዴታ የሚጻፈው በ«ሻል» ነው፤ «መስት»ን በእሷ ቦታ መጠቀም ክልክል ነው። «መስት» የተቀመጠችው ከውጭ ለመጣ ግዴታ ነው፣ ለምሳሌ የአገር ሕግ ላስገደደው ነገር። በጅምላ ቀይሩ ከተባለ ሰነዱ ያስገደደውና ሌላ አካል ያስገደደው ይደባለቃል።

የሕግ ሰው፦ የቴክኒኩን አላውቅም። ሕግ ውስጥ ግን ተርጓሚዋ ልክ ናት። በፈረንጆቹ 2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካስል ሮክ ከተማን ጉዳይ አየ። የኮሎራዶ ሕግ የእገዳ ትእዛዝ የጣሰን ሰው ፖሊስ እንዲይዝ «ሻል» በሚለው ቃል ያዛል። አባትየው ትእዛዙን ጥሶ ሦስት ልጆቹን ወሰደ። እናት ፖሊስን ደጋግማ ጠየቀች፣ አልያዙትም፣ ልጆቹም ተገደሉ። እናት ከተማውን ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ7 ለ2 ድምፅ ለከተማው ፈረደ። አንዱ ምክንያት ምን ነበር? ፖሊስ በራሱ ግምት የመወሰን ልማዱ የቆየ ነው፣ ይቺ ቃል ብቻዋን አታስቀረውም የሚል። ለእናት እንዲህ ተብሎ ከሚነገር ቃሏ ብትቀር አይሻልም? ደቡብ አፍሪካ በ1996 ሕገ መንግሥቷ በ«መስት» ነው የጻፈችው።

አርቃቂው፦ ወንድሜ፣ ሕጉ «መስት» ቢል ኖሮ ይፈረድላት ነበር ብለህ ታምናለህ? እኔ አላምንም። ለፖሊስ ነፃነት መስጠት የፈለገ ዳኛ ከየትኛውም ቃል ውስጥ ያወጣዋል። ሌላ ነገር ልጨምር። አሜሪካኖቹ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንባቸውን በ2007 አድሰው «ሻል»ን ጠራርገው አወጧት። ያለ ሙሉ ክርክር ውሳኔ የሚሰጥበት ደንብ 56 ላይ በ«ሹድ» ተኳት። ከዚያ ጭንቀት መጣ፤ ዳኛው ይገደዳል ወይስ አይገደድም? በ2010 «ሻል»ን ይቅርታ ጠይቀው መለሷት ማለት ይቻላል።

የሕግ ሰው፦ ያ እኮ አንድ ደንብ ነው! ሌላው ቦታ ላይ በአብዛኛው «መስት» ገብቶ ሰማይ አልተደፋም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይቺ ግስ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበረች። ዕዳም ጥፋትም የሚባለው የጀርመንኛው «ሹልድ» ዘመዷ ነው። እኛስ? «መቶ ብር አለብኝ» እንላለን፣ «መሄድ አለብኝ» እንላለን። ያው ቃል ነው። ዕዳ ደግሞ ባለዕዳ ይፈልጋል። ከግሷ በፊት የቆመው ስም ዕዳ መሸከም የሚችል ሰው ወይም አካል ከሆነ ትቀመጥ። ውል፣ ቀን፣ ትርጓሜ ከሆነ ግን ቦታዋ አይደለም፣ አንሷት።

ተርጓሚዋ፦ ጋሼ፣ ይሄ ተመችቶኛል። አራቱን በዚህ ባጣራ ሻጩ ብቻ ይተርፍልኛል። መብትም ዕዳ አይደለምና።

ኮድ ጻፊው፦ ቆይ ጋሼ፣ እኛ ጋ እኮ «ሰርቨሩ መልስ ይሰጣል» ነው የምንለው። ሰርቨር ባለዕዳ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ሰርቨሩን የሠራው ሰው ነዋ ባለዕዳው። አንተ ማለት ነው።

ኮድ ጻፊው፦ እሺ፣ ተቀብያለሁ 😄

ተርጓሚዋ፦ አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል፣ ጋሼ። የወንጀል ሕጎች በእንግሊዝኛ «ሻል ቢ ፐኒሽድ» ይላሉ። እኛ በአንድ ቃል «ይቀጣል» እንለዋለን። የሚቀጣው ሰው እኮ የመቀጣት ግዴታ የለበትም፤ ቢያመልጥ ደስታው ነው። እዚህ ላይ ባለዕዳው ማነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ዳኛው።

ተርጓሚዋ፦ እንግዲያው «ዳኛው» ተብሎ ይጻፋ!

አርቃቂው፦ እሱን ካልሽ ግማሹን ሕግ እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

የሕግ ሰው፦ ይጻፍ። እኔ አለሁበት።