ቼይንሶው ሞቆ ሲሠራ ይጠፋል፤ ችግሩ የነዳጅ ታንኩ መተንፈሻ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዛፍ ቆራጭ፣ ሰቃ መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ እየቆረጥኩ፣ በቡና ማሳ ውስጥም የደረቁ የጥላ ዛፎችን እያነሣሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ቼይንሶዬ (የሞተር መጋዜ) ጠዋት ገመዱን ሁለት ጊዜ ስስበው ይነሣል፤ ታንኩን ሞልቼ 10 ደቂቃ ያህል እንደሠራሁ ግን ነዳጅ ስሰጠው ድምፁ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣና ድንገት ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ካንዴላውን ቀይሬያለሁ፣ የአየሩን ፊልትሮ አጥቤያለሁ፣ ቤንዚኑንም በ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርጌ በትክክል እቀላቅላለሁ። አንድ ጥገና ቤት ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር እንዳለቀለትና የጅማ ከፍታም እንዳልተስማማው ነግሮኛል። ካርቡራተር ከመግዛቴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁ ነው።

መልስ፦ መካኒክ፣ ሂርማታ

አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ። ካርቡራተሩን ለጊዜው አይግዙ። ከታንኩ ነዳጅ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ የሚገባውም በመተንፈሻው በኩል ነው። መተንፈሻው ሲደፈን በታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ሄዶ ነዳጁን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚስበው ስስ ሜምብራን ደግሞ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ይሸነፋል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከፍታን በተመለከተ፣ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፍታ አየሩን ስለሚያሳሳ ድብልቁን በነዳጅ ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም፤ እንዲህ ያለ ሞተር ይከብዳል፣ ያጨሳል እንጂ ድምፁ አይቀጥንም።

ካረፈ በኋላ መነሣቱ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ልብ ይበሉ፤ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ኮይል ሲሞቅ የሚደክም ከሆነም እንደዚሁ ያደርጋል። ስለዚህ ልክ እንደጠፋ የሰንሰለቱን ፍሬን ይያዙና መጋዙን ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ደልዳላ መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያም ክዳኑን በጨርቅ ሸፍነው በጣም በዝግታ ጥቂት ብቻ ያላሉትና ያዳምጡ። አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ ከገባ፣ ክዳኑን መልሰው አጥብቀው ከዘጉ በኋላ መጋዙን ሳያሳርፉ ሲያስነሡትም ከሠራ፣ ጥፋቱ የመተንፈሻው ነው። ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ ግን ወዲያው መልሰው ይዝጉትና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ሌላም ምልክት አለ፦ ታንኩ ሙሉ ሲሆን ያለው የአየር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል፤ ሲጎድል ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል።

መልስ፦ የቡና ገበሬ፣ አጋሮ

እኔም ይኸው ችግር ገጥሞኝ ክዳኑን በቀጭን ምስማር በሳሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

መልስ፦ የደን ሠራተኛ፣ ጅማ

የአጋሮው ወንድማችን በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ሆኖም ይህን ማንም እንዳይከተል አጥብቄ እለምናለሁ። መተንፈሻው አየር ወደ ውስጥ እያስገባ ቤንዚን ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክል የአንድ አቅጣጫ በር ነው። ቼይንሶ ደግሞ ግንድ ሲቆረጥ በጎኑ ይተኛል፣ ይዘቀዘቃል፤ በተበሳው ክዳን የሚንጠባጠበው ቤንዚን የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ወይም በሠራተኛው ሱሪ ላይ ያርፋል። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። መተንፈሻውንም ቢሆን በመርፌ አይጎርጉሩት፤ የውስጡ ስስ ጎማ ከተቀደደ ከዚያ በኋላ ነዳጅ አይይዝም።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ታንኩን ሞልቼ ስሠራ በ9ኛው ደቂቃ ጠፋ፤ ክዳኑን ላላ ሳደርገው አየሩ ረዘም ባለ ፉጨት ወደ ውስጥ ገባ፤ ዘግቼ ገመዱን ስስበው በመጀመሪያው ተነሣ። ቤት ወስጄ ከቀዘቀዘ በኋላ የኋላ መያዣው ሥር ያለችውን የጣት ጥፍር የምታህል መተንፈሻ አወጣኋት፤ ዘይት የጠጣ የመጋዝ ብናኝ እንደ ጭቃ ተጋግሮባት ቀዳዳዋ ጨርሶ አይታይም ነበር። በንጹሕ ቤንዚን አጥቤ በደንብ ካደረቅኋት በኋላ መልሼ ገጠምኳት፤ ሁለት ታንክ ሙሉ ሳይጠፋ ሠራሁ። አሁን ግን መጋዙን በጎኑ ሳስተኛው በመተንፈሻዋ ዙሪያ ትንሽ ይረጥባል። ይህ ይታለፋል ወይስ መቀየር አለባት?

መልስ፦ መካኒክ፣ ሂርማታ

መቀየር አለባት። ጎማዋ ደርቃለች ወይም ተሰንጥቃለች ማለት ነው፤ ከካርቡራተር ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ትንሽ ነው። ሲገዙ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ፤ የየመጋዙ መተንፈሻ ይለያያልና በዓይን ግምት አይግዙ። አዲሷን ከመግጠምዎ በፊት ገና ነዳጅ ሳይነካት በአፍዎ ይንፉባት፦ ወደ ታንኩ በሚሄደው አቅጣጫ ትንፋሽ ማሳለፍ፣ በተቃራኒው ግን መያዝ አለባት። እስከዚያ ድረስ በሚረጥበው መጋዝ አይሥሩ።