የአንድ ዓይነት ቻርጀር ሕግ ለእኛስ ያስፈልገናል?

ጥያቄ፦ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለሠራተኞች የሚታደሉ ስልኮችና ታብሌቶች፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ የምንገለገልባቸው ቻርጅ የሚደረጉ አምፖሎች ገቢና ወጪ የሚሆኑት በእኔ በኩል ነው። ከሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት የግዢ ስፔሲፊኬሽን እንዳዘጋጅ ስለታዘዝኩ ጉዳዩን የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ብዬ ነው።

መደርደሪያችን ላይ የሌለ የቻርጀር ዓይነት የለም፤ ባለ ቀጭን ጫፉ የኖኪያ፣ ማይክሮ የምንለው፣ የአይፎኑ ላይትኒንግ፣ አሁን ደግሞ ታይፕ ሲ። ስልኩ አርጅቶ ሲወገድ ቻርጀሩ ብቻውን ይቀራል። ከሌላ ስልክ ጋር ስለማይገጥም ለማንም አይሰጥም፤ በመዝገብ የተያዘ ንብረት በመሆኑም እንደ ቤት ዕቃ ለቆራሌ አይሸጥም። የሕዝብ ገንዘብ በዚህ መልክ ተከምሮ ሲቀር ማየት በእውነት ያሳዝነኛል።

የአውሮፓ ኅብረት ስልኮች ሁሉ አንድ ዓይነት የቻርጀር ቀዳዳ እንዲኖራቸው በሕግ ማስገደዱን ሰምቻለሁ። ሕጉ በትክክል ምን ይላል? አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገዛ ስልክስ ምን ይፈይዳል? የእኛ መንግሥት ተመሳሳይ ግዴታ ቢጥል ይበጃል ትላላችሁ? በተጨማሪ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በቅርቡ የተረከብናቸው አምፖሎች ቀዳዳቸው ታይፕ ሲ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰኩ ፈጽሞ አይሞሉም፤ አንዱ ጫፉ ሰፊና አራት ማዕዘን በሆነው በዱሮው ገመድ ሲሰኩ ግን ያለ ምንም ችግር ይሞላሉ። ቀዳዳው አንድ ከሆነ ይህ ለምን ይሆናል?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ልደታ

ስለ ሕጉ እኔ ልመልስ። መመሪያው ቁጥሩ 2022/2380 ሲሆን፣ የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2022 በ602 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ8 ድምፀ ተአቅቦ ያሳለፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የሬዲዮ መሣሪያዎች መመሪያ ያሻሽላል። በዚህም መሠረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለኅብረቱ ገበያ የሚቀርቡ፣ በገመድ ኃይል የሚሞሉ ስልኮች፣ ታብሌቶች፣ ዲጂታል ካሜራዎች፣ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ ተንቀሳቃሽ ድምፅ ማጉያዎች፣ ኪቦርዶች፣ ማውሶችና መሰል ዕቃዎች የታይፕ ሲ ቀዳዳ እንዲኖራቸው ግድ ሆኗል። ለላፕቶፖች እስከ ኤፕሪል 28 ቀን 2026 ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል።

ብዙ ሰው ሕጉን ስለ ቀዳዳው ቅርጽ ብቻ የወጣ አድርጎ ያወራዋል። ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅሙት ግን ቀሪዎቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው፣ ከ5 ቮልት፣ ከ3 አምፔር ወይም ከ15 ዋት በላይ ኃይል የሚቀበል መሣሪያ ሁሉ ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ የተባለውን የጋራ የአሞላል ሥርዓት እንዲደግፍ ያስገድዳል። አምራቹ የራሱን ፈጣን አሞላል መጨመር ይፈቀድለታል፤ የጋራውን መተው ግን አይችልም። ይህ ባይኖር ኖሮ ቀዳዳው ቢገጥምም፣ የአንዱ ፋብሪካ ስልክ በሌላው ቻርጀር ሲሞላ ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችል ነበር። ሌላው ክፍል ደግሞ ገዢው ስልኩን ያለ ቻርጀር የመግዛት ምርጫ እንዲኖረው፣ ካርቶኑም ላይ ቻርጀር መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ምልክት እንዲታተም ያዝዛል። መደርደሪያዎ ላይ ያለውን ክምር የሚያቃልለው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ቀዳዳው አንድ ቢሆንም ከእያንዳንዱ ስልክ ጋር አዲስ ቻርጀር መግዛት ካልቆመ ክምሩ ያው ይቀጥላል። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ለሕጉ ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር፦ የተጣሉና ሥራ ላይ ያልዋሉ ቻርጀሮች በአህጉሩ በየዓመቱ ወደ 11 ሺህ ቶን የሚጠጋ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደሚሆኑ ገምቷል።

እዚያ የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዋና ዋና አምራቾች በፈቃዳቸው ማይክሮ ዩኤስቢን ለመጠቀም ተስማምተው፣ ሠላሳ ያህል የነበሩት የቻርጀር ዓይነቶች ወደ ሦስት ወርደው ነበር። በፈቃድ የሆነ ስምምነት የሚሄደው እስከዚያ ድረስ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2012 ላይትኒንግን አስተዋውቆ ከአሥር ዓመት በላይ በዚያው ቆየ።

ሕጉ በእኛ አገር አስገዳጅነት የለውም። ውጤቱ ግን እዚህም ደርሷል። አምራቹ ለአውሮፓ አንድ፣ ለአፍሪካ ሌላ ቀዳዳ እየሠራ ሁለት መስመር ማስኬድ ስለማያዋጣው፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የወጣው አይፎን 15 ለዓለም ሁሉ በታይፕ ሲ ተሠራ። የአንድሮይድ ስልኮችን በተመለከተ ምስጋናው ሁሉ የሕጉ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቀደም ብለው በራሳቸው ጊዜ ተቀይረዋል። በከተማችን ከዱባይና ከአሜሪካ ተገዝተው የሚመጡ ያገለገሉ አይፎኖች ብዙ ስለሆኑ የላይትኒንግ ገመድ ገና ለዓመታት አብሮን ይኖራል።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ስታዲየም

የአምፖሎቹን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ። የስልክና የአነስተኛ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥራዬ ስለሆነ፣ ይህንኑ ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም።

የታይፕ ሲ ቀዳዳ 24 ፒኖች (የመገናኛ ነጥቦች) አሉት። ከእነዚህ መካከል ሲሲ 1 እና ሲሲ 2 የሚባሉት ሁለቱ፣ ማን ኃይል ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ ማሳወቂያዎች ናቸው። ተቀባዩ መሣሪያ በእያንዳንዳቸው ላይ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ከግራውንድ፣ ማለትም ከዜሮ ቮልቱ መስመር ጋር ማገናኘት አለበት። በአግባቡ የተሠራ የታይፕ ሲ ቻርጀር ያንን ሬዚስተር እስኪያገኝ ድረስ ምንም ኤሌክትሪክ አይለቅም፤ ለደኅንነት ተብሎ እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው የዱሮው ቻርጀር ግን ማንንም ሳይጠይቅ 5 ቮልቱን ዘወትር ይለቃል። አምፖሎቻችሁን የሠራው ፋብሪካ የማይክሮውን ቀዳዳ አንሥቶ በታይፕ ሲ ሲተካ ሁለቱን ሬዚስተሮች ትቷቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ አምፖል ፈትቼ ካርዱን፣ ማለትም ዕቃዎቹ የተበየዱበትን ሰሌዳ፣ በአጉሊ መነጽር ስመለከት፣ የሁለቱ ሬዚስተሮች ቦታ በነጭ መስመር ታትሞ ነበር፤ ከቀዳዳው አጠገብ አራቱም የመበየጃ ነጥቦች ባዶ ናቸው፣ ሊድ እንኳ አልነካቸውም። የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ዕቃዎች ናቸው የቀሩት፤ ዋጋቸውም ከምንም አይቆጠርም። ፒኖቹ በቀዳዳው ላይ ካሉ ሬዚስተሮቹን መበየድ ይቻላል። የኃይል መስመሮቹ ብቻ ያሉት ርካሽ ቀዳዳ ከሆነ ግን ቀዳዳው ራሱ መቀየር አለበት።

ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ጥፋት ነው። አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ በውስጡ 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሊኖረው ይገባል፤ ስልኩ በዚያ አማካይነት «ኃይሉ ከዱሮ ቻርጀር ስለሚመጣ በልክ ልሳብ» ይላል። በርካሽ ገመዶች ውስጥ 10 ኪሎ ኦም ተደርጎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ስልኩ 3 አምፔር የተፈቀደለት መስሎት ይስባል፣ ደካማው ቻርጀር ደግሞ ይግላል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ከ3 አምፔር በላይ የሚያሳልፍ ባለ ሁለት ጫፍ ታይፕ ሲ ገመድም ችሎታውን የሚናገር ቺፕ በጫፉ ውስጥ ሊኖረው ግድ ነው። ትክክለኛውና ጉድለት ያለበት ገመድ ግን ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ስለዚህ ሕግ ይውጣ ከተባለ፣ ስለ ቀዳዳው ቅርጽ ብቻ የሚደነግግ ከሆነ ለእኛ ገበያ ብዙም አይጠቅምም። እንዲያውም ሰው ቅርጹን አይቶ የማይገባውን እምነት እንዲጥል ያደርጋል። በተለይ የቻርጀሩ ጭንቅላት ያሳስበኛል። ከሶኬት የሚገባው 220 ቮልት ወደ ስልኩ ከሚሄደው 5 ቮልት የሚለየው በአንዲት ትንሽ ትራንስፎርመርና በካርዱ ላይ ባለው ክፍተት ነው፤ ፌክ በሆኑት ውስጥ ክፍተቱ በጣም ጠባብ፣ የትራንስፎርመሩ መሸፈኛም ስስ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስልኩን ሰክቶ ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሕይወት በዚያች ክፍተት ላይ ነው ያለው።

መልስ፦ ነጋዴ፣ መርካቶ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ግዴታ ይጣል የሚለውን አልደግፍም። ዛሬም ብዙ የሚሸጠው የቁልፍ ስልክ ነው። ለእናቱ ወደ ገጠር የሚልክ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ የሚገዛው እሱን ነው፤ አብዛኛውም የማይክሮ ቀዳዳ ያለው ነው። ነገ ታይፕ ሲ ያልሆነ አይገባም ቢባል በመጀመሪያ የሚጎዳው ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ነው። ቤቱ ያለውም ቻርጀር ማይክሮ ስለሆነ ከስልኩ ጋር ቻርጀርም ሊገዛ ነው፤ ሕጉ እናድነዋለን የሚለውን ወጪ መልሶ ያመጣዋል።

ሌላው፣ ቴክኖሎጂን በሕግ ማሰር ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረገው ስምምነት ሕግ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ደረጃው የወጣለት ታይፕ ሲ ወደ ስልክ ሊገባ ይችል ነበር ወይ? ገበያው ራሱ ወደ አንድ እየሄደ ነው። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ታይፕ ሲ ስለሆነ ነጋዴውም የሚያመጣው ያንኑ ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ልደታ

የቁልፍ ስልኩን በተመለከተ ያነሡት ነጥብ ትክክል ነው፤ ማንኛውም ደንብ ሊያየው የሚገባ ነው። የሽግግር ጊዜ መስጠት፣ ወይም በመጀመሪያ ስማርት ስልኮችንና ታብሌቶችን ብቻ ማካተት ይቻላል። ሳዑዲ ዓረቢያም ስልኮችን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 አስጀምራ፣ ላፕቶፖችን ወደ ኤፕሪል 2026 አሳልፋለች።

ቴክኖሎጂን ያስራል በሚለው ግን አልስማማም። የአውሮፓው መመሪያ የተሻለ ቀዳዳ ሲመጣ ኮሚሽኑ ፓርላማውን አዲስ ሕግ ሳይጠይቅ የቴክኒክ ዝርዝሩን እንዲያሻሽል ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ያለ ገመድ የሚሞሉ መሣሪያዎችንም በቀዳዳ ግዴታ አላሰረም። ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል የሚለው ክርክርም ጠጋኙ ባስረዱን ነገር ላይ ይወድቃል። ገዢው ቅርጹን ስለሚያይ ገበያው ቅርጹን አስተካክሏል። የማይታየውን ሬዚስተርና ከ220 ቮልት የሚለየውን ክፍተት ገዢ እንዴት አይቶ ይመርጣል? መንግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህም አዲስ ተቋም አያሻም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥራ አለው፤ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን ተቀብሎ የአገር ደረጃ ያደርጋል። የታይፕ ሲ ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኢ.ሲ. 62680-1-3 ነው፤ ሕንድም የራሷን ደረጃ ያወጣችው ይህንኑ ተቀብላ ነው። እኔ ብጠየቅ ከቀዳዳው በፊት የቻርጀር ጭንቅላትና የገመድ ደኅንነት አስገዳጅ እንዲሆን ነው የምመክረው፤ የቀዳዳው ተራ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ወደ ስፔሲፊኬሽንዎ ስመለስ፣ የንግድ ምልክት ጠቅሶ መጻፍ በመንግሥት ግዢ በመርህ ደረጃ ስለማይፈቀድ፣ ጥራቱን መናገር ያለበት ዝርዝሩ ራሱ ነው፤ «የታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው» ብለው ብቻ አይተዉት። «በአይ.ኢ.ሲ. 62680-1-3 መሠረት የተሠራ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ የሚሞላ፣ ከ15 ዋት በላይ የሚቀበል ከሆነም ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪን የሚደግፍ» ብለው ይጻፉ። ቻርጀሩንም ከስልኩ ለይተው ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ይስጡት፤ በመጋዘን ያለው ተቆጥሮ የጎደለው ብቻ ይገዛል።

መልስ፦ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አራት ኪሎ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቻርጀሩን በተለየ ተራ ቁጥር የማስቀመጡ ሐሳብ ዘንድሮውኑ ሥራ ላይ የሚውል ነው። ለጠጋኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የርክክብ ኮሚቴያችን ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ የለም፤ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ዕቃው ትክክል መሆኑን ሳንፈታው እንዴት እናረጋግጣለን?

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ስታዲየም

ባለሙያ አያስፈልጋችሁም። በታይፕ ሲ ቀዳዳ ብቻ የሚሠራ አንድ አስተማማኝ ቻርጀርና ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ለኮሚቴው ይኑር። ከየካርቶኑ ናሙና አውጥታችሁ ሰኩ፤ መሙላት መጀመሩን የሚያሳየው መብራት መብራቱን እዩ። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ነቅላችሁ፣ ገልብጣችሁ በሌላው ፊቱ እንደገና ሰኩት። ከሁለቱ ሬዚስተሮች አንዱን ብቻ የሚያስገቡ ፋብሪካዎች ስላሉ፣ በአንድ ፊት የሞላ ዕቃ ሲገለበጥ ዝም ሊል ይችላል፤ በሁለቱም ፊት የሞላውን ብቻ ተረከቡ። ስልክና ታብሌት ሲሆን ደግሞ ባትሪው ወደ መገባደዱ ሲደርስ ሞክሩት፤ የሞላ ባትሪ ቻርጀሩ ፈጣን ይሁን ቀርፋፋ አያሳይም። በገመዱ መካከል የሚገባ፣ ቮልትና አምፔር የሚያነብ ትንሽ መለኪያም ገበያ ላይ አለ፤ እሱን ከገዛችሁ የተነበበውን ቁጥር በርክክቡ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት፤ አቅራቢው በኋላ ቢከራከር ማስረጃ ይሆናችኋል።