4 በተን እኩል ሲጫኑ ሁሌ ቡድን 1 ነው የሚያሸንፈው፣ ምን ይሻላል?

ቀይ_ሽቦ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ማን ቀድሞ እንደተጫነ የሚለይ ነገር በራስበሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) እየሰራሁ ነው፣ በተኖቹን የማነብበት የፓይተን ላይብረሪ ጂፒአይኦ ዜሮ ነው። 4 በተን አለው፣ አንድ በአንድ ሲጫኑ ሰላም ነው ግን ሁለት ሶስት ቡድን እኩል ሲጫን ሁሌ የቡድን 1 መብራት ነው የሚበራው፣ ቡድን 4 ቢቀድም እንኳ! ልጆቹ አድልዎ ነው እያሉ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ኮዱ ኋይል ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር) ውስጥ ኢፍ በተን1 ኢዝ_ፕረስድ (ተጭኗል ወይ)፣ ኤልኢፍ (ካልሆነ ደግሞ) በተን2 እያለ ወርዶ መጨረሻው ላይ ስሊፕ 0.2 (የ0.2 ሰከንድ እረፍት) አለው። ሌላው ደግሞ ዳኛው ጋ ሁለት በተን አለ፣ አንዱ ነጥብ መጨመሪያ አንዱ መቀነሻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲያዙ ግን ነጥቡ ዜሮ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሌሊት_ኮደር፦
ችግሩ ስሊፑና ኤልኢፉ ነው ወንድሜ። ፕሮግራሙ 200 ሚሊሰከንድ ተኝቶ እያለ ቡድን 4 ይጫናል፣ ትንሽ ቆይቶ ቡድን 1 ይጫናል፣ ሲነቃ ሁለቱንም ተጭነው ያገኛቸዋል፣ ከላይ ጀምሮ ስለሚጠይቅ ቡድን 1ን ይወስድና አለቀ፣ ማን እንደቀደመ በምን ይወቅ? ቶሎ ተጭኖ የለቀቀውን ልጅማ ጭራሽ አያየውም። ስሊፑን 0.01 ብታደርገው ይሻላል እንጂ አይድንም፣ ሉፑን ተወው። ለእያንዳንዱ በተን ዌን_ፕረስድ (በተኑ እንደተጫነ የሚጠራው) ላይ ፈንክሽን ስጠው፣ ፈንክሽኑ ገና ሲጀምር አንድ የጋራ ሎክ (አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ) በብሎኪንግ ፎልስ (ሳይጠብቅ) አኳየር ያድርግ (ለመያዝ ይሞክር)፣ ያገኘው አሸነፈ፣ ያላገኘው ዝም ብሎ ይመለስ። ለቀጣዩ ጥያቄ ሎኩን ሪሊስ ታደርጋለህ (ትለቀዋለህ)፣ ማንም ሳይጫን ሪሊስ ካልክ ግን ኤረር ስለሚሰጥ መጀመሪያ መያዙን ቼክ አድርግ። መጨረሻ ላይ ፖዝ (ፕሮግራሙን ሳይዘጋ የሚያቆየው) አትርሳ፣ ካልሆነ ስክሪፕቱ ወዲያው ይዘጋል። ደስ የሚለው ደግሞ ሎኩ ሪሊስ ሳይደረግ ተጭኖ የሚጠብቅ ልጅ ለቆ እንደገና ካልተጫነ አይቆጠርለትም።

ፓይ_ወዳጅ፦
የዳኛውን በተመለከተ፣ ሁለት ጣት መቼም በአንድ ቅጽበት አያርፍም፣ አንዱ ትንሽ ይቀድማል፣ ስለዚህ ነጥቡን ሲጫን ሳይሆን ሲለቀቅ ቁጠር። ዌን_ሄልድ (በተኑ ተይዞ ሲቆይ የሚጠራው) ላይ ለሁለቱም አንድ ፈንክሽን ስጥ፣ ሁለቱም ተጭነው ካገኛቸው ነጥቡን ዜሮ ያድርግና ኮምቦ የሚባል ቫሪያብል ትሩ ያድርግ። ሲለቀቅ ኮምቦ ትሩ ከሆነ ነጥብ አይነካም፣ ሁለተኛው በተን ሲለቀቅ ነው ፎልስ የሚሆነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፣ አንደኛው እንደተለቀቀ ፎልስ ያደርጉትና ሁለተኛው አንድ ነጥብ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ሆልድ_ታይም (ስንት ጊዜ ሲያዝ ሄልድ እንደሚባል) ካልነካኸው 1 ሰከንድ ነው፣ በቂ ነው። ባውንስ_ታይም (ሲጫን የበተኑን መንቀጥቀጥ ችላ የሚልበት ጊዜ) ደግሞ ለዳኛው በተኖች ስጣቸው አለዚያ አንዴ ነክቶ ሁለት ነጥብ ይገባል፣ የተማሪዎቹ ላይ አያስፈልግም ሎኩ ይበቃል።

ቀይ_ሽቦ፦
ሰራ!! ቡድን 4 በራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ 8 ቡድን ላሳድገው ነው፣ የኪፓድ ማትሪክስ (በተኖቹ በረድፍና በዓምድ ሽቦ የሚጋሩበት) ብጠቀም ፒን አይቆጥብልኝም?

ሌሊት_ኮደር፦
ለዚህ ስራ ማትሪክስ እንዳታስበው። የአራት ማዕዘን ሶስት ጥግ ላይ ያሉ በተኖች እኩል ከተጫኑ አራተኛው ሳይነካ የተጫነ ይመስላል፣ እንዳይሆን ለእያንዳንዱ በተን ዳዮድ (ኮረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ማስገባት አለብህ። 40 ፒን ያለው ፓይ ላይ 26 ጂፒአይኦ (በተን የሚሰካበት ፒን) አለልህ፣ 8ቱንም ቀጥታ ስካቸው። ሽቦው ረጅም ከሆነ የውስጡ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ደካማ ስለሆነ ከውጪ በ4.7 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት ሳበው፣ 5 ቮልት ላይ ካሰርከው ፒኑን ልታቃጥለው ትችላለህ።