ካዝናው ሲጎድል ለምን እኛ ትዝ አልናቸው?

ጥያቄ፦ ከታቦር ሥር

የምኖረው ሐዋሳ ነው። በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። በሰፈራችን የቁጠባና ብድር ማህበር ደግሞ አባል ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ባለፈው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። ተመረጥኩ ከምል ተጨበጨበልኝ ብል ይሻላል፤ እሺ ሳልል ጭብጨባው አልቆ ለስላሳ መታደል ተጀምሯል።

ከአራት ዓመት በፊት ለገንዘብ ያዥነት ራሴን ባቀርብ «ልጆች አሉሽ፣ ይከብድሻል» ተብዬ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ዛሬም አሉ፤ እንዲያውም አንድ ጨምሬአለሁ። የተለወጠው ማህበሩ ነው። ከተበዳሪዎቹ ብዙዎቹ መክፈል ካቆሙ ወራት አልፏል፤ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ናቸው። ሰብሳቢው «በጤና ምክንያት» ለቀቁ። (ማክሰኞ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤናቸው ተመልሷል።)

አንድ አዛውንት ተነስተው «ሴት አትሰርቅም፣ ሴት ታስታርቃለች፤ ለእሷ እንስጣት» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ሙገሳ ይሁን ሸክም እስካሁን አልለየሁትም።

የተሰጠኝ አንድ ማኅተም፣ ቁልፍ የሌለው የብረት ቁም ሳጥንና ጠርዙ የተበላ የገቢ ደረሰኝ ጥራዝ ነው። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ጥራዙን ስገልጥ ከ0412 ወደ 0418 ይዘላል። የተበላሸ ደረሰኝ ቢሆን «ተሰርዟል» ተብሎ ከነቅጂው በቦታው ይኖራል። እነዚህ ግን ጉርዳቸው ሳይቀር ከስፌቱ ተነቅለዋል፤ የክሩ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው።

ይህ የእኔ ዕጣ ብቻ ነው ወይስ ሴት በክፉ ቀን ብቻ የምትታወስበት ምክንያት አለ? ደግሞስ ልቀበል ወይስ ማኅተሙን ልመልስ?

መልስ 1፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ያንቺ ዕጣ ብቻ አይደለም፤ ስም እንኳ ወጥቶለታል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሚሼል ራያንና አሌክስ ሃስላም በ2005 «የመስታወት ገደል» አሉት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሐዋሳ ላይ ገደል ሲባል ዓሣ ነው የሚታወሰን፤ የእነሱኛው የሚጣልበት እንጂ የሚበላበት አይደለም።

ነገሩ የተነሳው ታይምስ ጋዜጣ በ2003 ሴቶች በቦርድ የገቡባቸው ኩባንያዎች አክሲዮን ይወርዳል የሚል ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የለንደን አክሲዮን ገበያን 100 ትልልቅ ኩባንያዎች ወር በወር ሲፈትሹ ነገሩ ተገለበጠ። ገበያው በወደቀበት ጊዜ ሴት የሾሙት ኩባንያዎች ከሹመቱ በፊት በነበሩት አምስት ወራት ሲንገዳገዱ የቆዩ ነበሩ። ሴቲቱ ገብታ አልሰበረችውም፤ የተሰበረ ነው የሰጧት።

ለምን ላልሽው፣ መልሱን አዛውንቱ ነግረውሻል። ደህና ቀን ሲሆን መሪ ሲባል ሰው ወንድ ይታየዋል፤ ሲከፋ ደግሞ የሚያስታርቅ፣ የሚታገሥ፣ ስድቡን የሚችል ይፈለጋል። ብሩክሙለርና ብራንስኮም የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 አንድ ነገር ጨመሩበት፦ ሰዎች በችግር ጊዜ ሴት የሚመርጡት ቀድሞ የመሩት ወንዶች ሲሆኑ ነው፤ የቀድሞዋ መሪ ሴት ከሆነች ያ ዝንባሌ ይጠፋል። ማህበራችሁ እስከ ዛሬ ስንት ሴት ሰብሳቢ ነበረው? አንቺ «ተለውጠናል» የሚሉበት ማስታወቂያ ነሽ።

ሁሉም ጥናት ይህን አያገኝም፤ በአሜሪካ ዋና ሥራ አስኪያጆች ላይ ያላገኙት አሉ። የብሪታንያን ግን በዓይናችን አይተናል። ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚለውን ሕዝበ ውሳኔ የጠሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በ2016 ጥለው ሲወጡ ቴሬዛ ሜይ ገቡ፤ ሌላው የቆሰቆሰውን እሳት ሦስት ዓመት ሲያጠፉ ኖረው በ2019 ለቀቁ።

መልስ 2፦ የቀድሞ ሱፐርቫይዘር

እኔ ጥናት አላውቅም፤ የደረሰብኝን ልንገርሽ እኅቴ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ልብስ እሰፋ ነበር። በመስመራችን ያለነው ሁላችንም ሴቶች፣ ሱፐርቫይዘራችን ወንድ። «እኔስ መቼ ነው?» ባልኩ ቁጥር «ገና ነሽ» ይሉኛል።

በታህሳስ 2014፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ከምናስገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ትዕዛዝ ቀነሰ። እሱ ወደ ቢሮ ተዛወረ፣ እኔ በአንድ ሳምንት «በሰልሽ» ተባልኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ የሚቀነሱትን ልጆች ስም ማንበብ ሆነ። «ካንቺ አፍ ሲሰሙት ይቀላቸዋል» አሉኝ። አልቀለላቸውም። አንዷ ከይርጋለም አብረን የመጣን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ናት። ያን ቀን ማታ ሽሮውን ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ግን አላናገረችኝም።

ያልቆጠርሽውን አትፈርሚ። ሌላ የምለው የለኝም።

መልስ 3፦ ነጋዴው ከአቶቴ

ሁሉን ነገር ተንኮል አታድርጉት እንጂ! እኅታችን ሒሳብ አዋቂ ናት፤ ማህበሩ የሒሳብ ችግር አለበት። ታዲያ ማንን ይምረጡ፣ አናጢ? የአሜሪካው የፎቶ ኮፒ ማሽን ኩባንያ ዜሮክስ ለመክሰር ጫፍ ደርሶ ሳለ በ2001፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የተረከቡት አን መልኬሂ ናቸው፤ አዳኑት። በእኛም አገር በጥቅምት 2011፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከሚኒስትሮቹ እኩሌታው ሴቶች ሲሆኑ፣ በኅዳር ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድን ሲይዙ አገሩ ሰላም ነበር? ባይቀበሉ ኖሮ «ሴት ትፈራለች» ይባል ነበር።

መልስ 4፦ ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ፣ አትቀበል አላልኳትም። የምለው አረካከቡ ላይ ነው። ሜሪ ባራ የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ መሪ በሆኑ በሳምንታት ውስጥ፣ በ2014 መጀመሪያ፣ የቁልፍ ማስነሻቸው የተበላሸ መኪናዎች ጉድ ፈነዳ፤ ቁጥሩ ወደ 2.6 ሚሊዮን ደረሰ። ጉዳዩ በኩባንያው ውስጥ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ተደብቆ የቆየ ነው። ሴትዮዋ ከኩባንያው ውጭ የሆነ ጠበቃ አስመጥተው አስመረመሩ፤ ሪፖርቱ በሰኔ ወጣ፣ 15 ሠራተኞች ተባረሩ። የቆየው ጥፋት የማን እንደሆነ በጽሑፍ ሰፈረ። ልጄም እንዲህ ታድርግ ነው የምለው።

ጠያቂዋ ተመልሳ፦ ከታቦር ሥር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሎቻችሁንም አመሰግናለሁ። (ነጋዴው ወንድሜ፣ ሒሳብ የማውቀው ከአራት ዓመት በፊትም ነበር።)

ትናንት ኮሚቴውን ሰብስቤ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ አስያዝኩ። ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኦዲተር መጥቶ ሳይጨርስ በርክክቡ ላይ አልፈርምም። ዕዳ ያለባቸው የኮሚቴ አባላት እስኪከፍሉ ድረስ በብድር ጉዳይ ድምፅ አይሰጡም። የጎደሉት አምስት ደረሰኞች በቁጥራቸው ተጽፈው «በርክክብ ወቅት ያልተገኙ» ተብለው ይመዘገባሉ።

በሁለተኛው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ያ «ሴት ታስታርቃለች» ያሉት አዛውንት «ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ ምኑን አስታረቅሽ?» አሉኝ። በመጨረሻ ግን እሳቸውም ፈረሙ፤ ብዕሩን አጥብቀው ስለያዙት ፊርማቸው ከሥሩ ያለውን ወረቀት ቀዶታል።

የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ለመጠየቅ ለቀድሞው ሰብሳቢ ደውዬ ነበር። ሐኪም ቤት ነኝ አሉኝ። ከበስተጀርባቸው «ዓሣው ደረሰ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።