የግድ ሲሆን "አይቻልም" ያልነው ነገር ከየት ነው የሚመጣው?

የመቂው ሹፌር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው። አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ከመቂ ቲማቲም ጭኜ አዲስ አበባ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ እየመጣሁ ሞጆ ልገባ ስል ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለል ድረስ ሰምጦ ቀረ፣ ዘይቱ ሙልጭ ብሎ ፈሷል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ጋራዥ ዝግ፣ የማውቀው መካኒክ ስልክ አያነሳም፣ ቲማቲሙ ደግሞ የሰው ነው፣ ሳይነጋ ገበያ ካልገባ ዋጋው ይወድቃል፣ እዛው ፀሐይ ከመታው ደግሞ ጭራሽ የሚገዛው የለም። 12 ዓመት ስነዳ ያለ ፍሪሲዮን መኪና ከቆመበት አይነሳም ብዬ ነው የማምነው፣ አድርጌዋለሁ የሚል ሹፌር ሲያወራ እንኳን ጉራውን ነው እል ነበር።

ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ መንዳት ስማር የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። ማርሽ ላይ መሆኑን ረስቼ ቁልፍ ሳዞር መኪናው ዘሎ አስተማሪዬ ጮኸብኝ። ያኔ ጥፋት ነበር፣ አሁን ግን መኪናዋን የሚያነሳልኝ ራሱ ሞተሪኖው፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ነዋ! ሞተር አጥፍቼ አንደኛ አስገብቼ ቁልፉን አዞርኩት፣ ተንገጫግጫ ሄደች። ሁለተኛ ለማስገባት ነዳጅ ቀንሼ ማርሹን ወደ ፎሌ (ባዶ) አወጣሁ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ጠብቄ ገፋሁት፣ ሁለቴ ጮኸብኝ በሦስተኛው ሰተት ብሎ ገባ። በፍጥነት መንገዱ ነው የወጣሁት፣ እዛ ከክፍያ በሩ ውጪ የሚያስቆም ነገር የለም። ሳይነጋ ደረስኩ።

ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር 12 ዓመት ሙሉ ውስጤ ነበረ ማለት ነው፣ ታዲያ ካልጨነቀኝ በቀር ለምን አልመጣልኝም? ከዚህ በትልቁ የሆነ ታሪክ የምታውቁ ካላችሁም አጫውቱኝ።

የጋራዥ ልጅ፦
እንኳን በሰላም ገባህ ወንድሜ። መጀመሪያ ለሚያነቡ፣ ዳገት ላይ ጭነት ይዛችሁ እንዳትሞክሩት ሞተሪኖ ታቃጥላላችሁ፣ አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ጭራሽ አይነሱም። ያንተው የፍሪሲዮን ፖምፓው ጎሚኒ (ላስቲኩ) ተበልቶ ይሆናል፣ ትንሽ ብር ነው።

ለምን አልመጣልኝም ላልከው እኔ የሚመስለኝ፣ ጋራዥ ክፍት እያለ ጥያቄህ "መካኒክ የት ነው" ነው። ስልኩ አልነሳ ሲል ግን ጥያቄው ራሱ ተቀየረ፣ "ጎማውን ምን ሊያዞርልኝ ይችላል" ሆነ። ለሱ ደግሞ መልስ ነበረህ። እኛም ጋር ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ እንደዛ ነው የሚሆነው።

ነርሷ፦
የጋራዥ ልጅ ያለው ልክ ነው፣ በኛም ሙያ ሁሌ የማስበው አንድ ታሪክ አለ። በፈረንጆቹ 1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ገብቶ ብለግዳም የሚባለው ሆስፒታል በቀን እስከ 50 ሰው ይቀበል ነበር፣ መተንፈሻ ጡንቻቸው ሽባ የሆነውን የሚያስተነፍስ ትልቁ የብረት ማሽን ግን አንድ ብቻ ነው ያላቸው፣ ደረት ላይ የሚታሰረው ትንሹ ደግሞ ስድስት። ከመጀመሪያዎቹ 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ሁሉም ማሽን ከየት እናምጣ ሲል ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ተጠራ። እሱ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ በየቀኑ ሰው አደንዝዞ በእጁ ፊኛ እየጨመቀ ነው የሚያስተነፍሰው። ለኛ የተለመደ ሥራ ነው አለ በቃ። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እየሞተች ነበር፣ ጉሮሮዋ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት፣ ፊኛውን ጨመቀላት፣ ዳነች። ከዛ ወደ 1500 የሚጠጉ ተማሪዎች ተጠርተው በፈረቃ ቀንና ሌሊት በእጃቸው አየር ሰጡ፣ የሚሞተው ሰው ቁጥርም በጣም ወረደ። ዛሬ አይሲዩ የምንለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዛ ነው የተነሳው። መፍትሔው እኮ እዛው ከተማ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነበረ፣ ግን የሁለቱን ሙያ ሰዎች ያገናኛቸው አልነበረም!

ባንግላዲሽም ዶክተር ቺስቲ የሚባል ሐኪም አለ። ጀማሪ እያለ በአንድ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተውበት መላ አገኛለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ፣ ወደ ሃያ ዓመት ፈጀበት። ያገኘው የሻምፖ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርጎ ሕፃኑ የሚተነፍስበትን ቱቦ ጫፍ እዛ መክተት ነው፣ አረፋው ሳንባው እንዳይጨማደድ ግፊት ይፈጥራል። እኛም አገር ሆስፒታሎች ላይ ተሞክሯል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሱ ጭንቀት ደግሞ የአንድ ሌሊት አይደለም፣ ይሄንንም አትርሱት።

ደብረታቦሬ፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ግዴታ ሁሌ ወደ ትክክለኛው ነገር አይወስድም። እኛ ሰፈር አጠገብ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ እዛ የነበሩትን የፈረንጅ ሚሲዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ፣ እሳቸው ደግሞ አላውቅም የሚል መልስ አይቀበሉም፣ ሠሩት። ትልቋ መድፍ ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ትመዝናለች። ከደብረ ታቦር መቅደላ መንገድ የለም፣ መንገድ እየተቆፈረ ድንጋይ እየተፈነቀለ ንጉሡም በእጃቸው እየሠሩ ስድስት ወር ገደማ ተጎተተች። ያየ ሰው አይቻልም የሚለው ሁሉ ተቻለ። ግን ዋናው ችግር መድፍ ማጣት ነበር ወይ? አገሩ ሸፍቶባቸዋል፣ ሠራዊቱ አልቋል፣ እንግሊዝ በ1860 ሚያዝያ መቅደላ ሲደርስ መድፏ ቀኑን አልቀየረችውም። እዛው መቅደላ አለች እስካሁን። እኔ ሳስባቸው አንጀቴን ይበሉታል፣ ያን ሁሉ ጉልበት የጠየቀውን ጥያቄ ማን ቆም ብሎ ይመርምርላቸው።

የመቂው ሹፌር፦
ደብረታቦሬ ያልከው ነክቶኛል። እውነቱን ለመናገር የኔም ዋናው ችግር ሞጆ ላይ አልጀመረም፣ ዘይቱ እየቀነሰ እንደሆነ ከሳምንት በፊት አይቼ ጨምሬበት ዝም ብዬ ነበር። ጎሚኒው ተቀይሯል፣ የጋራዥ ልጅ እንዳልከው ትንሽ ብር ነው። እህቴ ነርሷ ያልሽውን ለረዳቴ ነግሬው ተማሪዎቹ ሲደክማቸው ማን ይተካቸው ነበር ብሎ ጠየቀኝ፣ በፈረቃ ነው አልኩት። እሁድ ባዶ መኪና ይዘን ሜዳ ላይ ያለ ፍሪሲዮን መቀየር ላለማምደው ተቀጣጥረናል።