አሮጌው የወደብ ግድግዳ ይጠናከር ወይስ አዲስ ይሠራ?

የጠባሴው፦ የአሰብ ጭነት እስከ 1990 ዓ.ም. በጣርማበር ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ይገባ ነበር። አሰብ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መንገዱ ነው፤ መርከቡ የሚጠጋበትን ግድግዳ የሚያነሳ የለም። አሮጌ ወደብ ትልቅ መርከብ እንዲቀበል የድሮው ግድግዳ ይጠናከር ወይስ አዲስ ይሠራ? እኔ ይጠናከር ባይ ነኝ። ግድግዳው አለ፣ መጋዘኑ አለ። የሚቀረው ፊቱን ቆፍሮ ማጥለቅ ነው።

የአንኮበሩ፦ ወንድሜ፣ ጣጣው ያለው እዚያው ቁፋሮው ላይ ነው። ግድግዳው ከኋላ የሚገፋውን አፈር የሚቋቋመው እግሩ ፊት ባለው አፈር ተደግፎ ነው፤ አንተ የምትቆፍረው ያንን ድጋፍ ነው። ከ9.5 ሜትር ወደ 14 አጠለቅኸው እንበል። ከውኃ በላይ ያለው 3 ሜትር ሲደመር ቁመቱ ከ12.5 ወደ 17 ይደርሳል። የአፈሩ ግፊት 1.85 እጥፍ፣ ግድግዳውን የሚገለብጠው ሞመንት 2.5 እጥፍ ይሆናል። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ደግሞ ከኋላ በ1 ሜትር ከፍ ብሎ የቀረ ውኃ በየካሬ ሜትሩ 1 ቶን ይጨምርበታል።

የደብረ ሲናዋ፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን መፍትሔ አለው። ግድግዳው ሺት ፓይል (ጎን ለጎን ተያይዞ መሬት ውስጥ የተተከለ የብረት ሉህ) ከሆነ ከፊቱ ረዘም ያለ አዲስ ይተከላል፣ መካከሉ በኮንክሪት ይሞላል፣ ከኋላ በመሬት መልሕቅ (አፈሩ ውስጥ በተቀበረ የብረት ማሰሪያ) ይታሰራል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መልሕቁ ተወጥሮ ሳይፈተሽ አንድ ባልዲ አፈር አይነሳም። ከዚያ በስስ በስሱ እየተቆፈረ የግድግዳው እንቅስቃሴ ይለካል። ስሌቱም ቆፋሪው አሳልፎ የሚያነሳውን ግማሽ ሜትር መያዝ አለበት። ይህ ተረስቶ ነው ብዙ ግድግዳ ወደ ፊት የሚያጋድለው። የተደራረበ ብሎክ ከሆነ ግን ይከብዳል፤ እግሩ ሥር በጄት ግራውት (አፈሩ ውስጥ በኃይል በሚረጭ ሲሚንቶ) ማጠንከር ወይም ከፊቱ በፓይል (ወደ መሬት በጠለቀ ምሰሶ) ላይ የቆመ መድረክ መሥራት ያስፈልጋል።

የጠባሴው፦ እሺ፣ ጥልቀቱ ተፈታ እንበል።

የአንኮበሩ፦ አልተፈታም። ትልቅ መርከብ ሲጠጋ ፌንደሩ (ግጭቱን የሚያለዝበው የግድግዳው ትራስ) የሚውጠው ጉልበት ከክብደቱ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ። የመርከቡ ገመድ የሚታሰርበት ምሰሶ፣ ቦላርዱም፣ ከነመሠረቱ ይቀየራል። የመርከቡ የጎን ፕሮፔለር የግድግዳውን እግር ስለሚሸረሽር ድንጋይ ይነጠፋል፤ ንጣፉ ከጥልቀቱ ላይ ይወስዳል። ትልቁ ክሬን የኋላ ሐዲዱ የራሱን ፓይል ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ያ መቆሚያ ዝግ ነው። በርበራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው 400 ሜትር ርዝመትና 17 ሜትር ጥልቀት ባለው አዲስ መቆሚያ ነው፤ አሮጌው ሥራውን ቀጥሏል።

የጠባሴው፦ በርበራ ከጎኑ ባዶ ዳርቻ ነበረው። ከተማና የነዳጅ ታንክ የከበበው ወደብ የት ይሂድ? ደግሞስ ሁሉም መርከብ 14 ሜትር አይፈልግም። 10 ሜትር ለሚጠልቅ የማዳበሪያ መርከብ፣ ከሥሩ አንድ አሥረኛ ትርፍ ተይዞ፣ 11 ሜትር ይበቃል። በ1.5 ሜትር ማጥለቅና 4.5 ሜትር ማጥለቅ አንድ ሥራ አይደለም።

የደብረ ሲናዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን መጀመሪያ ጠላቂ ወርዶ ብረቱን በዝቅተኛው የውኃ መስመር ላይ ይለካ፤ ዝገት የሚበላው እዚያ ነው። ከግድግዳው ፊትና ኋላም አፈሩ በቦርንግ (ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ናሙና በማውጣት) ይታይ። የድሮው የግንባታ ንድፍ ጠፍቶ የፓይሉ ርዝመት ካልታወቀ፣ እኔም ከአንኮበሩ ጋር ነኝ፤ አዲስ ይሠራ።